የእሳቱን መንስኤ ስናጣራ

ተራራው በተቃጠለ በሳምንቱ የኮሚቴ ጸሐፊ ሆንኩ። ዘጠነኛ ክፍል ገብቼ ነፋስ ከየት ወደ የት እንደሚነፍስ እያስተማርኩ ሳለ ርእሰ መምህሩ በሩን ገርበብ አድርጎ በጣቱ ጠራኝ።

«ጽሕፈትህ ይነበባል አይደል?» አለኝ።

«ይነበባል» አልኩት።

«እንግዲያው ወረዳ ይፈልጉሃል። ጠመኔውን እዚያው ተወው።»

ያን ጊዜ መንዝ ከመጣሁ ሦስተኛ ዓመቴ ነበር። እኔ የመርሐቤቴ ልጅ ነኝ፤ ያደግሁት ዓለም ከተማ ነው። ከእኛ አገር ወደ መንዝ የሚመጣ ሰው የመጀመሪያውን ዓመት ብርዱን በመርገም፣ ሁለተኛውን ብርዱን በመልመድ ያሳልፋል። በሦስተኛው ዓመት የአገሩ ሰው ጉዳዩን ያካፍለዋል። ለእኔ የደረሰኝ ጉዳይ እሳት ሆነ።

ከከተማችን በላይ ያለው ተራራ ጓሳ በሚሉት ረጅም ሳር የተሸፈነ ነው። ሰው ቤቱን የሚከድነው፣ ገመዱን የሚገምደው በዚሁ ሳር ነው። ድሮ ተራራው ጥቂት ዓመት ይዘጋና ሳሩ ሲደርስ ቀን ተቆርጦ ይከፈታል፤ ሁሉም ማጭዱን ይዞ ይወጣል፤ ከዚያ መልሶ ይዘጋል። በኋላ ግን ሳሩም አውሬውም ይጠበቅ ተባለና ከነጭራሹ ተዘጋ። ማንም አልነካውም። ከሥር የሞተው ሳይነሳ ከላይ አዲሱ እየበቀለበት፣ ሳር በሳር ላይ ተኝቶ ወገብ ደረሰ።

በዚያ ዓመት የካቲት ላይ ተቃጠለ። የአገሩ ሰው አስታ የሚሉትን የደጋ ቁጥቋጦ ቅርንጫፍ እየቆረጠ ሁለት ቀን ሲደበድበው ዋለ። እኛ መምህራንም ወጥተን ነበር፤ የጫማዬ ሶል ቀልጦ በካልሲ ነው የወረድኩት። በሁለተኛው ቀን እሳቱ ገደል አፋፍ ላይ ሲደርስ ጠፋ። እኛ አጥፍተነው ይሁን ወይስ የሚበላው አጥቶ፣ እስከ ዛሬ አልተወሰነም።

ኮሚቴው አራት ሰው ነበር። ሰብሳቢያችን በወረዳው የአንድ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ ናቸው። ሸሚዛቸው ሁልጊዜ የተተኮሰ፣ ንግግራቸው ለስላሳ፣ ሰው የማያስቀይሙ ደግ ሰው። ብቻ መርሐ ግብር ላይ ያልሰፈረ ነገር ይደርሳል ብለው አያምኑም። ሁለተኛው ከላይ የተላከ የአየር ንብረት ባለሙያ ነው፤ ወጣት፣ ችኩል፣ ስልኩን ከእጁ የማይለይ። ሦስተኛው አባባ ናቸው። አገሩ ሁሉ አባባ ስለሚላቸው እኔም እንዲያው አልኳቸው። በጎልማሳነታቸው ሳሩን ከሚጠብቁት አንዱ ነበሩ፤ ተራራውን እንደ ጓሯቸው ያውቁታል። አራተኛው እኔ ነኝ።

የመጀመሪያው ስብሰባ በስም አለቀ። ሰብሳቢያችን «የሰደድ እሳት መንስኤ አጣሪ ኮሚቴ» እንባል አሉ። ባለሙያው «ሰደድ» ሲባል አንድ ሰው ሰድዶት የመጣ ያስመስላል፣ ገና ሳናጣራ መወሰን ይሆናል ብሎ ተቃወመ። «ቃጠሎ» ይሻላል አለ። ሰብሳቢያችን ቃጠሎ ሲባል ብዙ የተቃጠለ ይመስላል አሉ። አባባ ብዙ ነው እኮ የተቃጠለው አሉ። ስንሟገት ውለን በመጨረሻ «ጊዜያዊ አጣሪ ኮሚቴ» ተባልን። ምን እንደምናጣራ ከስማችን ወጣ።

በሁለተኛው ስብሰባ ቅጹ መጣ። አንድ ገጽ ነው። መሐሉ ላይ «የእሳቱ መንስኤ» ይልና ሦስት ሳጥን ያስከትላል፦ ሀ. የአየር ንብረት ለውጥ፤ ለ. የመሬት አያያዝ ጉድለት፤ ሐ. የሰው ቸልተኝነት። ከሥሩ በደማቁ «በአንዱ ላይ ብቻ ምልክት ይደረግ» የሚል አለ።

«ሀ ነው» አለ ባለሙያው፣ ወረቀቱ ገና ጠረጴዛ ላይ ሳያርፍ። «በልጉ እየቀረ ነው። ፀሐዩ በርትቷል። መሬቱ እርጥበት የለውም። በየአገሩ ጫካው እየነደደ እኛ ብቻ በምን እንለያለን?»

«ለ ነው» አሉ አባባ። «ሳሩን አትንኩ አላችሁን፤ አልነካነውም። አረጀ። ደረቅ ሳር ወገብ ድረስ ከምራችሁ ስታበቁ፣ እሳት መጣ ብላችሁ ትደነግጣላችሁ?»

«አባባ፣ ሳሩ የደረቀው እኮ ዝናብ ስለቀረ ነው።»

«የደረቀው ስለሞተ ነው። የሞተ ሳር ቢዘንብለት ምን ሊሆን ነው? ሊነሳ?»

ሰብሳቢያችን እጃቸውን አነሱ። «እኔ አንድ ነገር ብቻ ልጠይቅ። ሐ ብንል ማን ይጠየቃል?»

«የለኮሰው» አልኩ።

«እሱ አልታወቀም። ለ ብንልስ?»

«ይዘጋ ያለው» አሉ አባባ።

ይዘጋ የሚለውን ደብዳቤ የፈረሙት ሰብሳቢያችን ራሳቸው ነበሩ። ይህን የማያውቅ በክፍሉ ውስጥ አልነበረም። ሁላችንም መስኮቱን አየን።

«ሀ ብንልስ?» አሉ ቀስ ብለው።

ባለሙያው አሰበ። «ዓለም» አለ።

«ዓለም!» ፊታቸው በራ። «ዓለም ቀበሌ የለውም። መጥሪያ አይደርሰውም። በል መምህር፣ ሀ ላይ አድርግበት።»

እስክሪብቶዬን ሳነሳ ባለሙያው ቅጹን ገለበጠው። ጀርባው ላይ በደቃቅ ፊደል፣ ሀን የመረጠ ኮሚቴ የአካባቢውን የዝናብ መዝገብ አያይዞ እንዲልክ ታዟል።

መዝገቡ ነበር። በወረዳው ግቢ የዝናብ መለኪያ አለ፤ ዘበኛው በየማለዳው እያየ ይመዘግባል። ባለሙያው መዝገቡን ወስዶ ሲያገላብጥ ሰነበተና እየሮጠ ተመለሰ።

«እንዲህ ያለ ማስረጃ አይቼ አላውቅም» አለ። «ከሦስት ዓመት ወዲህ እዚህ ከተማ ላይ አንድ ጠብታ አልዘነበም!»

ሰብሳቢያችን እጃቸውን አፋቸው ላይ ጫኑ። «አንድ ጠብታ?»

«አንድ! በየቀኑ የለም፣ የለም፣ የለም ይላል። ይኼ ድርቅ አይደለም፤ በረሃ ነው።»

አባባ ልጁን በርኅራኄ አዩት። «ልጄ፣ አምና ሐምሌ ወንዙ ሞልቶ ሁለት ቀን ማዶ ያሳደረኝ ታዲያ ምንድን ነው?»

ወጥተን አየን። መለኪያው በቦታው ቆሟል። ነገር ግን ከሦስት ዓመት በፊት ባለጉዳይ ፀሐይ እንዳይመታው ተብሎ ግቢው ውስጥ የቆርቆሮ መጠለያ ሲሠራ፣ መለኪያው መሐል ለመሐል ከሥሩ ቀርቷል። ዘበኛው ተጠራ።

«አንተ፣ ዝናብ ሲዘንብ አታይም?» አሉት ሰብሳቢያችን።

«አያለሁ እንጂ ጌታዬ። እየበሰበስኩ ነው የምመዘግበው።»

«ታዲያ ለምን የለም ብለህ ትጽፋለህ?»

«የታዘዝኩት ዕቃው ውስጥ ያለውን እንድጽፍ ነው። ዕቃው ውስጥ የለም።»

ባለሙያው እዚያው ድንጋይ ላይ ዘጭ አለ። መጀመሪያ ራሱን ያዘ። ከዚያ ሳቅ ጀመረው፤ እንባው እስኪወርድ ሳቀ። ሲጨርስ ወደ አባባ ዞሮ «ግን እኮ እውነት ነው፤ ዝናቡ ተለውጧል» አለ፣ ልመና በሚመስል ድምፅ።

አባባ አጠገቡ ተቀመጡ። «ተለውጧል እንጂ። በበልግ ገብስ መዝራት ከተውኩ ስንት ዓመቴ! ውርጩም ጊዜውን ስቷል። ይኼን ለማወቅ ዕቃ አያሻኝም። ሳሩን ብናጭደው ኖሮ ግን ይህን ያህል አይነድም ነበር። ይኼንንም አንተ እመነኝ።»

«አምናለሁ» አለ ባለሙያው።

ሁለቱ ከተስማሙ ነገሩ አለቀ ብዬ ደስ አለኝ። ሰብሳቢያችን ግን ቅጹን እንደገና አነበቡና «ሁለት ምልክት አይፈቀድም» አሉ።

ከዚያ በኋላ ሁለት ስብሰባ በከንቱ አለፈ። በሦስተኛው የአባባ ትዕግሥት አለቀ። «የታጨደ መሬት ላይ እሳት አይራመድም። ያረጀ ሳር ላይ ይበራል። ከአፌ ካልሰማችሁ በዐይናችሁ ላሳያችሁ» አሉ።

«ሠርቶ ማሳያ!» አሉ ሰብሳቢያችን። ይህን ቃል ሲወዱት ለጉድ ነው።

አባባ ግን ቅድመ ሁኔታ አስቀመጡ። ሲነጋጋ መሆን አለበት፤ ጠሉ ሳይነሳ፣ ነፋሱ ሳይነቃ፣ ዙሪያው ቦይ ተቆፍሮ። ሰብሳቢያችን ለሁሉም እሺ አሉ። ቀጥለው እኔን ያስጻፉኝ መርሐ ግብር ግን ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት በተሳታፊዎች ምዝገባ ይጀምርና በመክፈቻ ንግግር፣ በልኮሳ፣ በውይይት አልፎ በመዝጊያ ንግግር ያበቃ ነበር። አባባ ሲነጋጋ ብለን አልነበረም ወይ ቢሏቸው «ሲነጋጋ የቢሮ ሥራ አይጀመርም» ብለው መለሱ።

ቦታው ከተራራው ግርጌ፣ የመጀመሪያው እሳት ያልደረሰበት ተዳፋት ነው። አባባ ከጎረቤቶቻቸው ጋር በዋዜማው አውድማ የሚያህል ቦታ አጨዱ፤ ከጎኑ ያንኑ የሚያህል ያረጀ ሳር ተዉ። ለየብቻ በጉልበት ጥልቀት ቦይ ቆፈሩላቸው። ከወረዳ የመጣው ጨርቅም በሁለት ምሰሶ ተወጥሮ ቆመ፤ «ተራራችንን ከእሳት እንጠብቅ» ይላል።

በቀጠሮው ሰዓት ሁላችንም ነበርን፣ ከሰብሳቢያችን በቀር። መኪናቸው መንገድ ላይ ጎማ ፈንድቶበት ነበር። እሳቸው ሳይከፍቱት ደግሞ ሠርቶ ማሳያው አይጀመርም። ጠሉ ተነሳ። ፀሐይዋ ተዳፋቱን ማሞቅ ጀመረች። አራት ሰዓት ሲሆን ሳሩ ማፏጨት ጀመረ። አምስት ሰዓት ላይ ሰብሳቢያችን እያለከለኩ፣ ይቅርታ እየጠየቁ ደረሱ።

«ነፋሱ ተነስቷል። ለሌላ ቀን ይደር» አሉ አባባ።

«አባባ፣ ዘግይተናል እኮ!» አሉ ሰብሳቢያችን። «መርሐ ግብሩም ታትሟል።»

ወደ እኔ ዞሩ። እኔ የጂኦግራፊ መምህር ነኝ። ተዳፋት በፀሐይ ሲሞቅ ነፋሱ ወደ ላይ እንደሚነሳ በዚያው ሳምንት ጥቁር ሰሌዳ ላይ በቀስት ሥዬ አስተምሬያለሁ። ሁሉም እያዩኝ መልሴን ጠበቁ። እኔ «መርሐ ግብሩ መቼስ ታትሟል» አልኩ። ይህን ዓረፍተ ነገር ከአፌ ያወጣው ምን እንደሆነ ዛሬም ራሴን እጠይቃለሁ።

ሰብሳቢያችን ንግግራቸውን አሳጠሩ። አባባ እያጉረመረሙ ክብሪት አወጡ። ሁለቱን ነፋሱ አጠፋባቸው። ሰብሳቢያችን ኮታቸውን ገልጠው ከለሉላቸው፤ ሦስተኛው ያዘ። ባለሙያው በስልኩ ይቀርጻል። እኔ ሰዓቱን ጻፍኩ።

መጀመሪያ የታጨደው ላይ ለኮሱ። እሳቱ ትንሽ ተንፈራፈረ፣ ጭሶ ጠፋ። «አያችሁ!» አሉ አባባ። አጨበጨብን። እውነትም አጨበጨብን። ቀጥሎ ያረጀው ላይ ጣሉት።

የሰማሁት ድምፅ ድንኳን ሲቀደድ የሚሰማውን ይመስል ነበር። ነበልባሉ ከሰው ቁመት በላይ ወጣ፤ ቦዩን ማየትም አልፈለገም። ከጨርቁ ላይ «እንጠብቅ» የሚለው ቀድሞ ተያያዘ፤ ጨርቁ ምሰሶውን ለቆ እየነደደ በአየር ላይ ሄደና ሽቅብ ሃያ እርምጃ ያህል ርቆ ሳሩ ላይ ወደቀ። እዚያም ሌላ እሳት ተነሳ።

«አባባ ልክ ናቸው! ልክ ናቸው!» ይላል ባለሙያው፣ እየቀረጸ፣ ወደ ኋላ እየሸሸ።

ሰብሳቢያችን ኮታቸውን አውልቀው መደብደብ ጀመሩ። በፍርሃት አልሸሹም፤ ይህን መመስከር አለብኝ። ነገር ግን በሦስተኛው ምት ኮቱ ራሱ ተቀጣጠለና እሳቸው ቦዩ ውስጥ ወደቁ። እኔ የአስታ ቅርንጫፍ ፍለጋ ስሮጥ ከታች ካለው መንደር አንዲት ሴት ስትጮህ ሰማሁ። ሃምሳ ዓመት የሚሆናት፣ ቤቷ ለሳሩ ከሁሉም የሚቀርብ ባለ ብዙ በግ ናት። ጭሱን ስታይ ጎረቤቶቿን ሁሉ ቀስቅሳ፣ እያንዳንዱ የሚተኛበትን ባና ከቤቱ አስይዛ፣ ከቤቷ ሥር በሚወርደው ውኃ ውስጥ እየነከረች ነበር። ወፍራሙ የበግ ፀጉር ባና ውኃ ሲጠጣ ለሁለት ሰው ይከብዳል።

«ከፊቴ ዞር በሉ!» አለችን። ከዚያ እኔን ዐየችና «አንተ መምህር፣ ያዝ! በዚያ በኩል ጎትት!» አለች።

ጎተትኩ። ባናውን ከእሳቱ ጠርዝ ላይ እናነጥፋለን፣ እንረግጠዋለን፣ አንስተን ደግሞ ፊት እናነጥፋለን። መንደሩ በሙሉ ተሰልፎ እንዲሁ ያደርጋል። ማንም አያዝም፤ እሷ ብቻ አልፎ አልፎ «ግራ! ግራውን!» ትላለች። ቀትር ሲያልፍ ሁለት ጥማድ የሚሆን ተዳፋት ጠቁሮ እሳቱ ጠፋ። ሰው አልተጎዳም። ሰብሳቢያችን አንድ ቅንድባቸው የለም።

ጥላሸት ለብሰን መሬት ላይ ተቀመጥን። ሰብሳቢያችን ከሱሪ ኪሳቸው የተጨማደደ ወረቀት አውጥተው ለረጅም ጊዜ አዩት።

«ቀጥሎ ውይይት ይላል» አሉ።

ሴትዮዋ የተበሳሳ ባናዋን እየጨመቀች አየቻቸው። እሳቸውም ወረቀቱን አጥፈው መለሱት።

በሳምንቱ ከላይ ደብዳቤ መጣ። በአካባቢው ሁለተኛ እሳት መነሳቱ እንደታወቀና መንስኤው ባስቸኳይ ተጣርቶ እንዲላክ ያዛል። ያው ቅጽ ተያይዟል። ሰብሳቢያችን ኮሚቴ ማቋቋም ነበረባቸው። ልምድ ያለው ሰው ያስፈልጋል አሉ። በወረዳው በእሳት ማጣራት ልምድ ያለን አራት ሰዎች ብቻ ነበርን።

ስለዚህ የለኮስነውን እሳት ማን እንደለኮሰው ለማጣራት ተሰበሰብን። ሰብሳቢያችን ቅንድባቸው እንዳይታይ በጎናቸው ተቀምጠዋል። ባለሙያው ቪዲዮውን አምጥቷል፤ ክፈተው ያለው ግን አልነበረም። የሚገርመው ክርክሩ በትክክል ከቀድሞው ቦታ መቀጠሉ ነው። ባለሙያው መሬቱ ያን ያህል ባይደርቅ ቦዩን አይዘልም ነበር አለ። አባባ ያ ሁሉ ያረጀ ሳር ባይከመር አይዘልም ነበር አሉ። ሰብሳቢያችን ዋናው መንስኤ ነፋስ ነው፣ ነፋስ ደግሞ ከአየር ንብረት ስለሚመደብ ሀ ይሁን አሉ። እኔ ሁሉንም በቃለ ጉባኤ ጻፍኩ፤ ስጽፍ ሁሉም እውነት ይመስለኛል።

የዐይን ምስክር ይሰማ ተባለና ሴትዮዋ ተጠራች። ነጠላዋን አጣፍታ ገባች። ሰብሳቢያችን ወንበር ሰጧት።

«እናቴ፣ በዕለቱ የደረሰውን እሳት ያውቃሉ?» አሏት።

«አውቃለሁ።»

«ማን እንደለኮሰው ያውቃሉ?»

«እናንተ።»

ባለሙያው አንገቱን ደፋ። ሰብሳቢያችን ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «እስቲ በዝርዝር ያስረዱ። ኮሚቴው በጥንቃቄ እንዲረዳ ነው።»

እሷ አንድ በአንድ ዐየችን። «እኒህ አባባ ክብሪቱን ጫሩ። እርስዎ በኮትዎ ከለሉ። ያ ልጅ ፎቶ አነሳ። መምህሩ ጻፈ።» ትንሽ አሰበችና «ከዚያ አጨበጨባችሁ» ብላ ጨመረች።

ያን ቀን የተሰማኝን ያህል ኀፍረት ተሰምቶኝ አያውቅም። እሷ ግን ልታሳፍረን አልነበረም የመጣችው፤ ጠይቀናት መለሰች እንጂ።

«ሌላ የሚጨምሩት አለ?» አልኳት።

«ሳሩ ደርቋል፤ እውነት ነው። አርጅቷል፤ እሱም እውነት ነው። ቢሆንም ክብሪት ይዞ ወደዚህ የመጣ ሳር አላየሁም።»

ከሄደች በኋላ ቅጹን መልሰን አየን። ለዚህ የሚሆን ሳጥን ቅጹ ላይ የለም። ሐ እንዳንል ቸልተኞች አልነበርንም፤ ቦይ አስቆፍረን፣ ንግግር አዘጋጅተን፣ ጨርቅ አሰቅለን በብዙ ጥንቃቄ ነው ያቃጠልነው። ማስመሪያዬን አወጣሁና ከሐ በታች አንድ ሳጥን ሠራሁ። አጠገቡ «መ. ኮሚቴው» ብዬ ጻፍኩ። ምልክት አደረግሁበት።

አባባ «ክብሪቱን የጫርኩት እኔ መሆኔን ጻፍልኝ። እኔ ብቻዬን እፈርማለሁ፤ ልጆች ናችሁ፣ ሥራችሁን እንዳታጡ» አሉና አውራ ጣታቸውን ለቀለሙ ዘረጉ።

ሰብሳቢያችን ለመጀመሪያ ጊዜ ፊታቸውን ወደ እኛ አዞሩ። ባለ አንድ ቅንድብ ፊት ሲያዩት የሚደነቅ ይመስላል። «እርስዎ ብቻዎን አይፈርሙም» አሉ። እስክሪብቶዬን ተቀብለው ከሁሉም በላይ ፈረሙ።

ቅጹ በሁለት ሳምንቱ ተመለሰ። ያልተፈቀደ ሳጥን ስለተጨመረበት በድጋሚ ተሞልቶ ይላክ ይላል። በድጋሚ ሞልተን «መ»ን ጨምረን ላክን። ደግሞ ተመለሰ። ለአራተኛ ጊዜ ስንልክ የመጣልን መልስ አዲስ ቅጽ ነበር፤ መ የሚል አራተኛ ሳጥን ታትሞበታል፤ «ሌላ ካለ ይገለጽ» ይላል። ሰብሳቢያችን ይህን ቅጽ ለጎበኛቸው እንግዳ ሁሉ ያሳዩ ነበር።

የሴትዮዋ ባና ግን ከሐሳቤ አልወጣም። አንድ እሑድ የራሴን ባና አጣጥፌ ይዤላት ወጣሁ። ከደጇ ተቀምጣ የራሷን እየጠቀመች አገኘኋት።

«ምንድን ነው?» አለች።

«ለእርስዎ ነው። የእርስዎ ስለተቃጠለ…»

«የእኔማ ጥጉ ነው፤ ይጠገናል። ያንተን ይዘህ ውረድ። ቆለኛ ነህ፤ በብርድ ትሞትብናለህ።» መርፌዋን ቀሚሷ ላይ ሰካች። «ይልቅ ስለእኛ የጻፋችሁትን ወረቀት አንብብልኝ።»

የቃለ ጉባኤው ቅጂ ቦርሳዬ ውስጥ ነበር። ልጀምር ስል አስቆመችኝና ጎረቤቶቿን ጠራች። ያን ቀን በየባናው ጫፍ የነበሩት ሁሉ መጥተው ሳሩ ላይ ተቀመጡ። ጀመርኩ። መጀመሪያ በጸጥታ ሰሙኝ። «እሳቱ በኅብረተሰቡ የነቃ ተሳትፎ በቁጥጥር ሥር ውሏል» የሚለው ላይ ስደርስ እጇን አነሳች።

«ተሳትፎ እኔ ነኝ?»

«አዎ፣ እርስዎና ጎረቤቶችዎ።»

«የነቃውስ?»

«እሱም እርስዎ ነዎት።»

መንደሩ በሳቅ ፈነዳ። አንድ ሽማግሌ ጎናቸውን ይዘው መሬት ላይ ተጋደሙ። «የነቃችው መጣች» እያሉ ሲያበሽቋት እሷም እንደዚያ ስቃ አታውቅም ይሆናል። «አጨበጨቡ» የሚለውን አስገብቻለሁ፤ እሱን ሦስት ጊዜ አስደገሙኝ። እኔም ከእነሱ ጋር መሳቅ ስጀምር ከደረቴ ላይ አንድ ነገር ተነሳልኝ።

ሳቁ ሲበርድ ግን የምር ወሬ መጣ። ሳሩ ይህን ያህል ካረጀ ሦስተኛ እሳት አይቀርም አሉ። ተራራውን ሦስት ቦታ ከፍለው፣ በየዓመቱ አንዱን አጭደው ሁለቱን ሊዘጉ ተስማሙ፤ አውሬውም መሸሸጊያ እንዲኖረው ነው። ይህን ለመወሰን የፈጀባቸው ጊዜ እኛ ስማችንን ለመምረጥ ከፈጀብን ያንሳል። ጥያቄውን በደብዳቤ አድርጌ ጻፍኩላቸው። ሰብሳቢያችን አነበቡት፣ ተራራው ይዘጋ ብለው በፈረሙበት እስክሪብቶ ይከፈት ብለው ፈረሙ። ባለሙያው ከአባባ ግቢ ሜዳው ላይ አዲስ የዝናብ መለኪያ ተከለ። አባባ ፊደል ስለማያውቁ በስልክ ይነግሩታል፤ በልግ ሲቀር በደወሉለት ቁጥር «ዛሬም ባዶ ነው፤ ከላዩ ግን ጣሪያ የለም» ይሉታል። ልጁ እየደነገጠ ይመዘግባል። እውነትም አስደንጋጭ ነው።

ክረምቱ ወጥቶ መስከረም ሲጠባ እኛ ያቃጠልነው ተዳፋት ከሁሉ ቀድሞ ለመለመ። ጭላዳው እዚያ ሰፈረ፤ በጉም እየሾለከ ይገባበታል። ይህ ወሬ ጎረቤታችን ግሼ ወረዳ ድረስ ደረሰ። ጥቅምት ላይ ከግሼ ከተማ ከራቤል ወዲያ የመጡ ሦስት ጎልማሶች የጽሑፍ ማመልከቻ ይዘው ሰብሳቢያችን ቢሮ ቀረቡ። ኮሚቴው ልምዱን እንዲያካፍላቸው፣ ቢቻል መጥቶ የእነሱንም ሳር እንዲያቃጥልላቸው ይጠይቃሉ። የማቃጠያው ቀን የሚመቸን እንዲሆን ለእኛ ትተዋል።

ሰብሳቢያችን ማመልከቻውን ሁለት ጊዜ አነበቡ። ቅንድባቸው ያን ጊዜ በቅሏል፤ ትንሽ ጠመም ብሎ። «አይሆንም» አሉ። ስብሰባ አልጠሩም፣ ማኅተም አልፈለጉም። ሰዎቹ ግን ያን ሁሉ መንገድ በእግራቸው መጥተው ባዶ እጃቸውን መመለስ አልፈለጉም። አባባን በበቅሎ ይዘዋቸው ሄዱ። አባባ ሳራቸውን ዞረው አዩላቸው፤ ከሥሩ ገልጠው ዳሰሱት፤ «እጨዱት» ብለው ተመለሱ።

ሰዎቹ በጣም እንዳዘኑ አባባ ነገሩኝ። ቢሆንም ምሳ አብልተዋቸዋል።